ስድብ የሚውጠው ሹፌር

እትዬ ባንችይርጋ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ሲሳፈሩ ከሚኒባሱ ሹፌር አጠገብ ተቀመጡ። ስሙን አያውቁትም፤ አፉን ግን አልረሱትም። አምና በዚሁ መንገድ አህያ መንገድ ቢዘጋበት የአህያውን ባለቤት ከነሰባት ቤቱ በስድብ ሲያጥበው ሰምተዋል።

ዛሬ ጉንጩ ውስጥ ጫት የለም። መስተዋቱ ላይ የእንጨት መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። አንድ የጭነት መኪና ገፍቶት ሲያልፍ ዓይኑ በርበሬ መሰለ፤ እትዬ ባንችይርጋም «አሁን ፈነዳ!» ብለው ጆሯቸውን ያዙ። እሱ ግን መቁጠሪያውን ጨብጦ አንሾካሾከ።

«ምን አልክ፣ ልጄ?»

«‹ሰላም ለኪ ማርያም› ነው ያልኩት። ካቶሊክ ነኝ፣ እናቴ። ስድብ ምላሴ ላይ ሲመጣ እሷን እጠራለሁ። ልጄ አፉን የፈታው በእኔ ስድብ ነው፤ ያን ዕለት ጀመርኩ።»

እትዬ ባንችይርጋ ደስታቸውን አልቻሉትም። በየጠመዝማዛው «በርታ! አይዞህ!» ይሉት ጀመር፤ እሱም እየሳቀ ይጸልያል።

ከተማዋ ስትቃረብ አንድ በሬ መሀል መንገድ ላይ ተጋድሟል፤ ባለቤቱ ዳር ቆሞ ወሬ ይዟል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጸሎቱን ቀጠለ። እትዬ ባንችይርጋ ጠበቁ፣ ጠበቁና አልቻሉም፤ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ባለበሬውን ከነሰባት ቤቱ በስድብ አጠቡት።

ወደ ውስጥ ዞር ሲሉ መቁጠሪያው ፊታቸው ተዘርግቷል።

«እንኩ፣ እናቴ፤ ተራው የእርስዎ ነው።»