አባ የሠሩት ማዕዘን

ባለፈው እሑድ ለደብራችን አዲስ ከበሮ መጣ። ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ ዲያቆናቱ እንዲወጠር ብለው ፀሐይ ላይ አስጥተውት ነበር፤ በአጠገቡ ሳልፍ ሽታው ያዘኝ። ገና በደንብ ያልደረቀ የበሬ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣውን ግማት ታውቂው እንደሆነ እንጃ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጣል አደረግሁ። ከጎኔ የነበረችው ሴት "ምነው እማማ፣ አመመዎት?" አለችኝ። ሽታው ነው አልኋት። ሽታውስ ሽታ ነው፤ ያመመኝ ግን ሌላ ነበር። ተቀመጪና ላጫውትሽ።

አባቴ ከበሮ ሠሪ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ "እንዴት ያለ የተባረከ ሥራ ነው" ይላል። ይበል። ሰው ከበሮን የሚያውቀው ጨርቅ ለብሶ፣ ከካህናት አንገት ተንጠልጥሎ ሲመታ ነው፤ እኔ የማውቀው ጋን ውስጥ ነው። ቆዳው ጠጉሩ እስኪለቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ውኃው እያደር ይወፍራል፣ አረፋ ይይዛል፣ የለቀቀው ጠጉር ከላይ ይንሳፈፋል። አባቴ እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ያወጣውና ሲፍቀው ይውላል፤ ከዚያ ታጥቦ፣ ደግሞ ታጥቦ፣ ማዕድ ይቀርባል። ሽታው ግን ከእጁ አይለቅም። ያጎረሰኝን ጉርሻ ሁሉ ትንፋሼን ይዤ ነው የዋጥሁት፤ ዛሬም ሳወራው ቋቅ ይለኛል።

ቤታችን ደግሞ አንዲት ክፍል ናት። ጋኑ ከመደቡ ራስጌ ነው፤ የተወጠሩት ከበሮዎች ከምሰሶው ሥር፣ ማሰሪያው ጠፍር ከጣራው ተንጠልጥሎ ከኛ ጋር ያድራል። ምነው ውጭ አያስቀምጠውም ትይኝ ይሆናል። ጅብ ነዋ። የዚያን ጊዜ ጎንደር ከመሸ የጅብ ነበረች፤ እርጥብ ቆዳ ደጅ አሳድሮ ጠዋት የሚያገኝ ሰው የለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። በኛ አገር ስለሚያውቁት ቁርበቱን ከኛ ጋር አስተኙት።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሴት ልጅም ትማር መባል የጀመረበት ጊዜ ነውና እናቴ ትምህርት ቤት አስገብታኛለች። የምቀመጥበት አግዳሚ ላይ ማንም አይቀመጥም። አስተማሪው እንኳ ደብተሬን የሚያነሣት በሁለት ጣቱ ነበር።

እናቴ የማክሰኝት ልጅ ናት፤ እህል ነጋዴ ቤት ያደገች፣ ልብሷን በአሪቲ መሐል አጥፋ የምታስቀምጥ ንጹሕ ሴት። ብዙ ቻለች። አንድ ቀን ግን ወጡን ስታማስል ጠጉር አገኘች፤ የሰው ጠጉር አልነበረም። ድስቱን እንዳለ ወስዳ ደጅ ደፋችው፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሎቹን መርተው የሄዱት የነፍስ አባታችን ናቸው። አባ ነበር የምንላቸው፤ ቅን፣ ገራገር፣ ሥራ ሲያዩ እጃቸው የሚበላቸው ቄስ። እናቴን "ምን ይሁንልሽ?" ቢሏት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ክረምት ሳይገባ ቆዳው ከቤቴ ይውጣልኝ። ዳግመኛ በደጄ ቢገባ እኔ እወጣለሁ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌም አትላኩብኝ።"

አባቴ በታቦት ማለ። ጓሮ ሰፊ የሥራ ቤት እሠራለሁ፣ ቆዳ በዚህ ደጅ አይገባም አለ። አባም ዋስ ሆኑ፤ "እኔም በእጄ እሠራለሁ" ብለው ጨመሩበት። ምነው ያቺን ባልጨመሩ።

እናቴም በዚህ ቃል ተመለሰች። ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ስለዚህ ቤቱ የተሠራው ሰው ከጣለው ነገር ነው። ድንጋዩን ከቀሃ ወንዝ እየለቀምን በአህያ አመላለስን። ጣራው ጣሊያን ጥሎት የሄደው የሬንጅ በርሜል ነው፤ አባቴ እየቀደደ፣ በመዶሻ እየዘረጋ ቆርቆሮ አደረገው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ከረመ። የከረመ ጭቃ እንዴት እንደሚከረፋ የረገጠ ያውቀዋል፤ እኔና እናቴ ጉልበታችን ድረስ ገብተን ስንረግጠው ከሥር ብቅ ብቅ የሚለው አረፋ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይገማ ነበር። እናቴ ግን አንድ ቀን አላማረረችም። "ይኸ የሚያልፍ ሽታ ነው" ትለኛለች።

የአባቴ ኩራት በሩ ነበር። ከፈረሰ የጣሊያን መጋዘን የተነቀለ የብረት በር ከነማጠፊያው በርካሽ አግኝቶ በሰው አሸክሞ አመጣው። ቀጥ ያለ፣ ከባድ፣ ጅብ ቀርቶ አንበሳ የማይደፍረው በር። ገና ግንቡ ሳይጀመር ጓሯችን ካለው ባሕር ዛፍ ላይ አስደግፎት፣ ማታ ማታ እየዞረ ያየው ነበር።

የደቦው ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እናቴ ያላትን ገብስ አሟጥጣ ጠላ ጠምቃለች። ደቦ በነጻ ነው የሚል ሰው ደቦ ጠርቶ አያውቅም። አንድ ድንጋይ ያነሣሉ፣ ይጠማሉ፤ ይጠጣሉ፣ ይርባቸዋል፤ ይበሉና ጭቃ በነካው እጃቸው ጢማቸውን ጠርገው ያገሳሉ። እኔ ቅሪቱን ሳነሣ የጠላው አተላ፣ የወጡ ቅባትና የጭቃው ግም ስለሚቀላቀል ፊቴን አዙሬ ነበር የማነሣው። ግንበኛ የተቀጠረው ለማዕዘኖቹ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ አቅማችን አይችልም።

አባ ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ረጩ፣ በሩ የሚሰቀልበትን ማዕዘን የመጀመሪያ ድንጋይ በእጃቸው አኖሩ። ሰው ሁሉ እሰየው አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ዛፉ ላይ ሰቅለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሁለተኛውን አኖሩ። ቀጠሉ። ግንበኛው ሊረዳቸው ጠጋ ሲል "ተው ልጄ፣ ቃል ገብቻለሁ" አሉት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማዕዘኑ ከሰው ቁመት አልፎ ነበር፤ ወደ ውጭም ዘሞ ነበር። ጥቂት አይደለም፤ በጠላ የሰከረው እንኳ ያየዋል። ግንበኛው ገመድ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለዋን ቱምቢ ከኪሱ አወጣ፣ ከግንቡ አናት ለቀቃት፣ አያት፣ ጠቅልሎ መልሶ ከተታት።

"እህ፣ እንዴት ነው?" አሉት አባ።

"ሸጋ ነው አባ" አለ።

እናቴ እንስራ እንዳዘለች መጥታ አየችው። አባቴን ወደ ጎን ጠርታ "ይኸ እኮ ዘሟል" አለችው።

"ዝም በይ።"

"ምነው ዝም እላለሁ? ጭቃው ሳይደርቅ ይፍረስና ይስተካከል እንጂ።"

"ጠበል የተረጨበትን ነው የማፈርሰው? የነፍስ አባቴን እጅ? ምን ብዬስ ነው የምነግራቸው?"

እንግዲህ ያን ቀን ነው ከቆዳ የባሰ የሚያንገሸግሽ ነገር እንዳለ ያወቅሁት። ያ ሁሉ ወንድ ጎንበስ ብሎ "እጅዎ ይባረክ" ይላል፤ ከአጥሩ ሲወጣ ደግሞ እየተጠቃቀሰ ይሥቃል። ይሉኝታ ይሉታል፣ ጨዋነት ይሉታል። እኔ እስከ ዛሬ የማስታውሰው አፋቸው ላይ የነበረውን የጠላ ሽታ ነው።

በማግስቱ በሩ ተሰቀለ። በሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ግንቡ ዘማማ ነው፤ አልተስማሙም። ስትዘጊው በራሱ ክብደት መልሶ ይከፈታል። መቀርቀሪያው ከቀዳዳው አይደርስም። ከሥር በኩል ውሻ የሚያሾልክ ክፍተት ቀረ፤ ብረት ደግሞ እንደ እንጨት አይላግም። አባቴ በሩን በጠፍር ጠፈረው፣ ክፍተቱን በድንጋይ ደፈነው፣ ጋኑንና ከበሮዎቹን አስገባ። ክረምቱ ሳይገባ ቃሉን ጠበቀ።

እናቴ የምንኖርበትን ቤት ከጣራው ጀምሮ ጠረገችው፣ ግድግዳውን እንደገና ለቀለቀችው፣ ቄጠማ ጎዘጎዘች። የቤታችንን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ የበርበሬና የአሪቲ ሽታ ነበር። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ትከሻዋን በትከሻዬ ነክቼ ዋልሁ።

ደስታችን ክረምቱን አልተሻገረም። አንድ ጠዋት ጓሮ ብንወጣ በሩ ወለል ብሏል። ጅቡ መጀመሪያ የበላው በሩ የታሰረበትን ጠፍር ነው። ጅብ እንዳይገባ በሩን በቆዳ የሚያስር ሰው ከኛ ቤት በቀር የት ይገኛል? ከዚያ ጋኑን ገልብጦ የተዘፈዘፈውን ቆዳ በልቶ፣ ለጥምቀት የታዘዙትን ከበሮዎች ፊታቸውን ቦጭቆ፣ ወለሉ ላይ ኩሱን ጥሎ ሄዷል። የጅብ ኩስ በቆዳ ውኃ ተበጥብጦ ያየ ሰው እህል አይበላም። አባቴ መሐሉ ላይ ቆሞ ባዶ ከበሮዎቹን ያይ ነበር።

በጠፍር ፈንታ በሽቦ አሰረው፤ ጅቡ ከሥር ድንጋዩን ፈንቅሎ ገባ። ቆዳውን ወደ ቤት እንዳይመልስ ምሏል። ማዕዘኑን አፍርሶ እንዳያቀና አባ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ደጁ ላይ ቆመው ግንቡን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና "ሸጋ አድርገን ሠራነው መቼም" ይላሉ። አባቴም "እጅዎ ይባረክ አባ" ይላል። እንዲህ ሲል ከርሞ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መኝታውን ጠቅልሎ ተሸከመ።

"ወዴት ነው?" አለችው እናቴ።

"ቆዳውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።"

"ቆዳው ይውጣ አልሁ እንጂ አንተ ውጣ አልሁህ?"

"ለጊዜው ነው" አለና ወጣ።

ጊዜው እኔ ተድሬ ከወጣሁም በኋላ አላለቀም። ከኔ በታችም ልጅ አልተወለደም። በበጋ ጣራው ሲግል ሬንጁ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ጋቢው፣ ጠጉሩ፣ መኝታው ጥቁር በጥቁር ሆነ፤ ከቆዳው ሽታ ላይ የሬንጅ ሽታ ተጨመረ። መጀመሪያ መጀመሪያ እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ከደጁ ቆማ ምግቡን አቀብላው ትመለስ ነበር። ቆይታ ደጁ ላይ በርጩማ አኑራ ጥጥ መፍተል ጀመረች። እሱ ከውስጥ ይፍቃል፣ እሷ ከውጭ እንዝርቷን ታሾራለች፣ በማይዘጋው በር ያወጋሉ።

"ማታ ጅቡ ቀርቦ ነበር" ይላታል።

"ሰምቼዋለሁ።"

"አልተኛሽም እንዴ?"

"አንተስ ተኝተሃል?"

ካገባሁ በኋላ ልጠይቃቸው መጥቼ ብስጭት አልሁ። "አባዬ፣ ይኸን ማዕዘን አፍርሰህ አታቀናውም? ምንድነው የምትጠብቀው?" አልሁት።

"አባን ይከፋቸዋል።"

"እማዬንስ አይከፋት?"

የሚፍቀውን ቆዳ አገላበጠ። "እናትሽ ትችላለች" አለ።

ያን ቀን ጠላሁት፤ ከነደግነቱ ጠላሁት። ለሩቅ ሰው የሚሳሳ፣ በቅርብ ሰው የሚጨክን ደግነት ከዚያ ወዲህ ባየሁ ቁጥር ያ ጋን ይሸተኛል።

አባቴ እዚያው የሥራ ቤት ውስጥ ታመመ። ሳሉ ጠንቶበት ወደ ቤት እናግባህ ብንለው "የቆዳ ሽታ ይዤ አልገባም፣ ምያለሁ" አለ። እናቴ "እኔ እኮ ይቅር ብየሃለሁ" ብትለው እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባ ተጠሩ። አርጅተው፣ እግራቸው ደክሞ መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ፈዟል፣ ብዙ ነገርም ረስተዋል። እኛን አስወጥተው አናዘዙት፣ ፈቱት፣ ከዚያ ግቡ አሉን። ሊወጡ በበትራቸው ሲነሡ ትከሻቸው ከበሩ ተጋጨ። ቆሙና ማዕዘኑን በመዳፋቸው ከታች ወደ ላይ ዳሰሱት።

"ይኸን ማዕዘን ማነው እንዲህ አዝምሞ የሠራው?" አሉ።

እናቴ አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመችው ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። አባቴ ከተኛበት እጇን ያዘ።

"እኔ ነኝ አባ" አለ። "ግንበኛ አይደለሁ።"

ከተናዘዘ በኋላ የሠራት ኃጢአት እሷ ናት።

አባ አዘኑ። "ምነው ታዲያ ልጄ፣ ብትጠራኝ ሸጋ አድርጌ እሠራልህ አልነበር?"

እናቴ በሌላው እጇ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትሣቅ ታልቅስ ዛሬም አላውቅም። አባ ሽታው መሰላቸው። "አይ ልጄ፣ እስከ ዛሬ አልለመድሽውም?" አሏት።

"አልለመድሁትም አባ" አለቻቸው፤ እጇን ግን ከአባቴ እጅ አላወጣችም።

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ከቤት ስትወጣ አገኘኋት። መኝታዋን ጠቅልላ ተሸክማ ነበር። አልፋኝ ወደ ጓሮ ሄደች፤ የአባቴ ነፍስ እስክታልፍም ድረስ እዚያው ከሱ ጋር አደረች።