ማክሉፍ «አትንቀሳቀሱ» ያለ ጊዜ

ማክሉፍን የማያውቅ ሰው ድምፁን ሲሰማ ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። ድምፁ እንደ መጋዘናችን የብረት በር ነው፤ ሲከፈትም ይጮኻል፣ ሲዘጋም ይጮኻል። እኔ ግን በበረሃው ባለው የጦር ሰፈር፣ በድንኳንና በሻንጣ መጋዘን ውስጥ፣ ከእሱ ሥር ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ከድምፁ በቀር በሰው ላይ የሚያነሣው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ወታደር አይደለም፤ እንደ እኔ ሲቪል ሠራተኛ ነው። ወላጆቹ ከሞሮኮ መጥተው ከሰፈሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ከተማ ተተከሉ። እሱም እዚያው ተወለደ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ቦርጭ አወጣ። ጠዋት ገና ከበሩ ሳይገባ፣ «ዘነቡ፣ ነፍሴ፣ እኔ ልሙትልሽ፣ ቡና አለ?» ይላል። ቡናው ካልደረሰ ግን የምሞተው እኔ ነኝ።

የማይወዳቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የተቀደደ ድንኳን «ደህና ነው» ብሎ የሚያጥፍ ሰው ነው። ሁለተኛው በጎ ፈቃደኛ ነው።

በጎ ፈቃደኞች በየወቅቱ ከውጭ አገር እየመጡ ሦስት ሦስት ሳምንት ከእኛ ጋር ይሠራሉ። ማዕረግ የሌለው የወታደር ልብስ ይሰጣቸዋል፤ በወታደር አልጋ ይተኛሉ፤ ከወታደር ጋር ይበላሉ። እኛ ዘንድ ቦርሳ ያጥባሉ፣ ማሰሪያ ይሰፋሉ፣ ድንኳን ያጥፋሉ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ሱሪው ይረዝምባቸዋል፣ ቀበቶው ይጠብባቸዋል፣ ግን ደስ ብሏቸው ይውላሉ። እኔ እወዳቸዋለሁ። ማንም ሳያስገድደው የሰው ሥራ ለመሥራት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ሳይ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ማክሉፍ ግን፣ «እኔ እነሱ አገር ሄጄ ድንኳን ላጥፍላችሁ ብል ፖሊስ ይጠሩብኛል» ይላል። «ደግሞ የሚያጥፉት ድንኳን የተኛ ግመል ነው የሚመስለው።»

ይህ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ወደ ቁጣ የተለወጠው አንድ ዓመት፣ በእልቂቱ መታሰቢያ ቀን ነው። በዚያ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በናዚዎች እጅ ላለቁት አይሁድ ወገኖቻችን ሳይረን ይነፋል፤ አገሩም በሙሉ ባለበት ይቆማል። መኪና መንገድ መሐል ይቆማል፣ ሹፌሩም ወርዶ ይቆማል። የማክሉፍ አማት ከዚያ እሳት ብቻዋን የተረፈች የሃንጋሪ ሴት ነበረች። ሃያ ዓመት ቤቱ ስትኖር፣ በየዓመቱ ሳይረኑ ሲነፋ የመስኮቱን ደፍ ይዛ ስትቆም አይቷታል። ከሞተች በኋላ መቆሙን ከእሷ እንደ ውርስ ተቀበለ። በዚያ ዓመት ታዲያ፣ ሳይረኑ እየነፋ አንድ ረጅም በጎ ፈቃደኛ በስልኩ የሰው ፎቶ ማንሣት ጀመረ። ማክሉፍ ፊት ድረስ መጥቶ እንባውን አነሣው። ማክሉፍ ድምፁ እስኪያበቃ አልተነቃነቀም። ልክ ሲያበቃ ስልኩን ከሰውየው እጅ ነጥቆ ቦርሳ የምናጥብበት ገንዳ ውስጥ ወረወረው። አዛዡ ጠርቶ ተቆጣው። እሱም፣ «ስልኩ ይደርቃል» ብሎ ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት ከፋሲካ በኋላ የመጡት ጥቂት ነበሩ። ከመካከላቸው ፔርላ የምትባል ኡራጓያዊት ነበረች፤ ከሰባ ያለፈች፣ አጭር፣ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ። ፔርላ ፔርሙዟን በብብቷ፣ ቅሏን በእጇ ሳትይዝ የትም አትሄድም። ቅሉ ውስጥ የደረቀ ቅጠል አለ፤ ሙቅ ውሃ ታፈስበትና በብረት መምጠጫ ትመጠዋለች። ይህ ማቴ ነው።

ማክሉፍ ገና ሲያያት፣ «እሜቴ፣ እዚህ የመጡት ለሥራ ነው ወይስ ለግጦሽ?» አላት።

የተናገረው በእናቱ ቋንቋ ነበር። እናቱ በሞሮኮ ካለችው ከቴቱዋን ከተማ ስለነበረች በቤታቸው የስፓኝ አይሁድ የጥንት ስፓኝኛ ይነገር ነበር። የፔርላም አገር ቋንቋ ስፓኝኛ ነውና፣ ከመደንገጧ የተነሣ ቅሉ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ከዚያም ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ የሴት አያቴ ዘመን ሰው ነው እንዴ ያስተማረህ? እንዲህ የሚናገር ሰው እኮ ሞቶ አልቋል!»

«እኔ አልሞትኩም። ያንን ማሰሪያ ይስፉልኝ።»

ሰፋችው። ማክሉፍ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተሸ፣ በጥርሱ ጎተተ፣ ለአምፖሉ ብርሃን አዞረው። እንከን ስላጣ ተናደደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሲነታረኩ ይውሉ ነበር። እኔ የማልሰማውን እሱ በዕብራይስጥ ይመልስልኛል፤ በእርግጥ ለራሱ እያደላ ነው የሚመልሰው።

የእልቂቱ መታሰቢያ ቀን ሲቃረብ ፔርላ መርፌዋን አስቀምጣ ለምን እንደመጣች ነገረችን። እናቷ ገና ልጅ ሳለች ከፖላንድ ብቻዋን በመርከብ ተልካ ኡራጓይ ገባች። እኅቶቿና ወንድሞቿ «እንከተልሻለን» ብለው ቀሩ። መቃብር የላቸውም፤ የሞቱበትም ቀን አይታወቅም።

«በእኛ ከተማ፣ በፓይሳንዱ፣ ብቻዬን ሻማ አበራለሁ» አለች። «ጎረቤቴ በመስኮት አይታ መብራት ጠፋብሽ እንዴ ትለኛለች። ታዲያ ሳልሞት አንድ ጊዜ፣ አገር ሙሉ አብሮኝ ሲቆም ልቁምላቸው አልኩ። ለዚህ ነው የመጣሁት። ድንኳናችሁ ሰበብ ነው።»

ማክሉፍ አፍንጫውን ጠረገ። «ሰበብ ከሆነ ስፌቱን ለምን አሳመሩት?» አለና ወጣ። በዚያን ዕለት ምሳ ላይ ግን የራሱን ብርቱካን ልጦ ሳህኗ ላይ ሲያስቀምጥላት አይቻለሁ።

በዋዜማው በጎ ፈቃደኞቹን በሙሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። መሪያቸው ሻኬድ የምትባል ወጣት ወታደር ናት፤ ቃሉን እየተከተለች በእንግሊዝኛ ትተረጉምለት ነበር።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ሳይረን ትሰማላችሁ። ያላችሁበት ትቆማላችሁ። እጅ ወደ ታች፣ ራስ ወደ ታች። ስልክ የለም። ማሳከክ የለም። ማንም የፈለገውን ቢያደርግ፣ ቢሮጥ፣ ቢስቅ፣ እናንተ አትንቀሳቀሱ። ዝንብ ዓይናችሁ ውስጥ ብትገባ ትደርበት።»

ወደ ፔርላ ለብቻዋ ዞር ብሎ በእናቱ ቋንቋ፣ «እሜቴ፣ ሰማይ ቢወድቅ እንኳ» አላት።

«ሰማይ ቢወድቅ እንኳ» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ስለ ሮኬት ማስጠንቀቂያ ያልተነገራቸው አይደለም። በመጡበት ቀን ሻኬድ፣ ሳይረን ሲጮህ ወደ ኮንክሪት መሸሸጊያው ሩጡ ብላቸዋለች። ያኔ ግን ከአውሮፕላን ወርደው እንቅልፍ እያንገላታቸው ነበር፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቁርስ መቼ እንደሆነ፣ ከብዙ ነገር ጋር ተደባልቆ ነው የሰሙት። ሁለቱ ድምፆች እንደሚለያዩ የነገራቸው የለም። እኛ አገር የመታሰቢያው አንድ ወጥ ነው፤ የአደጋው ከፍ ዝቅ እያለ ያላዝናል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሰው የሚያውቀውን ነገር ሌላው አያውቀውም ብሎ አያስብም። ደግሞም ከድንበር ማዶ ሮኬት ከመጣ ወራት አልፈው ነበር።

በማግሥቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሳይረኑ ጮኸ። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ።

እግሬ ከልቤ ቀደመ። መሸሸጊያው ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ወዲያው ገባን፤ ወታደሩም፣ ሠራተኛውም፣ በጎ ፈቃደኞቹም። ግራ ገብቷቸው ሊቆሙ የነበሩትን ሻኬድ እየገፋች አስገባቻቸው። ከዚያ ራሳቸውን እየነካች ቆጠረቻቸው። ደግማ ቆጠረች።

«ፔርላ የታለች?»

አንዲት በጎ ፈቃደኛ፣ «ፔርሙዟን ልታለቀልቅ ወደ ውሃ ታንከሩ ሄዳለች» አለች። ታንከሩ ከድንኳን መጠገኛው በስተጀርባ ነው። እዚያ የቆመ ሰው እኛን አያየንም።

ማክሉፍ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«ቆማለች» አለ። «ዘነቡ፣ ቁሚ ብያታለሁ እኮ።»

ሻኬድ ክንዱን ያዘች። «ማክሉፍ፣ አትወጣም!»

ክንዱን አላስለቀቀም፤ እንዲያው ይዟት ሄደ። በሩ ላይ እጇ ሾለከ። ጉልበቱ ከታመመ ዓመታት አልፈውታል፤ ደረጃ ሲወጣ እንኳ እናቱን የሚጠራ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ሮጠ። የማውቀውን መዝሙር ጀመርኩና መካከሉ ላይ ጠፋብኝ። ከበሩ አንገቴን አውጥቼ አየሁ፤ የመጠገኛውን ጥግ ሲታጠፍ፣ «ፔርላ! ሩጪ! ሩጪ!» እያለ ሲጮህ። እሜቴ የለም፣ እርስዎ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ነው የነገረኝ። ፔርላ ታንከሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ፔርሙዙ እግሯ ሥር ነው፤ ራሷን ደፍታለች፤ ከንፈሯ ስም ይጠራል። ሰዓቷ ጥቂት እንደሚቀር ብታይም፣ የእኔ ዘግይቷል ብላ ነበር። ማክሉፍ ሲደርስ ዓይኗን እንኳ አላነሣችም። በጥርሷ መካከል፣ «ዝም በል! አታፍርም?» አለችው።

እንደ ድንኳን ጠቅልሎ አነሣትና ታንከሩ ከተቀመጠበት የሲሚንቶ መሠረት ሥር ይዟት ወደቀ።

ፍንዳታው መሬቱን ከእግሬ ሥር የጎተተው መሰለኝ። አቧራ ገባብን። አንድ ሰው ይስላል። ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ በዝምታው ውስጥ የውሃ መፍሰስ ድምፅ ሰማሁ። ሻኬድ «ገና ነው!» እያለች ስትጮህብኝ ወጣሁ።

ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ተጋድመዋል። ታንከሩ ተበስቶ ውሃው ላያቸው ላይ ይወርዳል። የፔርላ አንድ እጅ አለቦታው ታጥፏል። ማክሉፍ ፊቷን በመዳፉ እየጠረገ፣ «አለሽ? ተናገሪኝ፣ አለሽ?» ይላል።

«አበላሸኸው» አለችው እያለቀሰች። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ሳይረኔን አበላሸኸው።»

«ያ የሮኬት ነው! የሮኬት ነው! ያንቺ ገና ነው!»

እውነቱ ቀስ ብሎ ገባት፤ ሲገባት ከንፈሯ ነጣ።

«አንተ እኮ ነህ ሰማይ ቢወድቅ እንኳ ያልከው» አለች።

የማክሉፍ ዓይን ታንከሩ ላይ ሄደ። እኔም አየሁ። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ በአጭር ሰው ራስ ልክ ነበር። ፔርላ ቆማ ከነበረችበት ቦታ በላይ። ማክሉፍ ተንበርክኮ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ፤ ውሃውን ለማቆም ይሁን ለማመን አላውቅም።

በዚያው ሁለተኛው ሳይረን ተነሣ። ይሰረዛል ብዬ ነበር፤ አልተሰረዘም። አንድ ወጥ፣ ከፍ ዝቅ የማይል።

«ይሄ ነው?» አለች ፔርላ ጣቷን ወደ ድምፁ ቀስራ።

«ይሄ ነው» አልኳት ራሴን እየነቀነቅኩ።

«አንሡኝ።»

በደህናው ክንዷ ይዤ አነሣኋት። ሐኪሙ ወታደር ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ፣ ቆማ አያት፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የተሰበረ እጇን ማሰር ጀመረ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ስሞቹን ከመጀመሪያው ጀምራ ጠራች።

ማክሉፍ ሊነሣ ሞከረ። ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። እንደገና ሞከረ። መቆሙን ከወረሰ ወዲህ አንድም ዓመት ያልተቀመጠው ሰው ውሃው ውስጥ ተቀምጦ ቀረ፣ የሱሪዋን ጫፍ እንደ ሕፃን ይዞ። ፔርላ ቁልቁል አየችው። ደህናውን እጇን ከእኔ አስለቀቀችና መላጣው ላይ አኖረችው። እንዲህ ሆነን ሳይረኑ አለቀ።

ማንም አልሞተም። ለዚህ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት አመሰግናለሁ፤ ወዲያ ማዶም ያሉ እናቶች እንዲህ የሚያመሰግኑበት ቀን እንዲመጣ እለምናለሁ። ፔርላ በጄሶ የቀራትን ጊዜ ጨረሰች። በአንድ እጅ መስፋት ስላልቻለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ማክሉፍን ስታዝዝ ሰነበተች። እሱም ማቴውን ቀመሰላት፤ ፊቱን አጨማዶ፣ «ይህን ቅጠል የማይግጡት ግመሎች እውነት አላቸው» አላት።

አሁን አዲስ በጎ ፈቃደኞች በመጡ ቀን፣ ከአልጋም ከቁርስም በፊት ማክሉፍ ግቢው መካከል ያቆማቸዋል። ቦርጩን ነፍቶ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ እያለ ያላዝናል። «ይሄ፣ ሩጡ!» ይላል። ቀጥሎ ትንፋሹ እስኪያልቅ አንድ ወጥ ድምፅ ያወጣል። «ይሄ፣ ቁሙ!» ከዚያ አንድ በአንድ እያስጮኸ ይፈትናቸዋል። ይስቃሉ። እሱ አይስቅም።

በመታሰቢያው ቀን ደግሞ ሳይረኑ ሊነፋ ሲል ስልኩን አውጥቶ ፓይሳንዱ ይደውላል፤ ያ ስልክ ገንዳ ውስጥ የወረወረ ሰው። እዚያ ገና ጎህ አልቀደደም። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ድምፁ ሲነሣ ከዚያኛው ጫፍ በእንቅልፍ የጎረነነ ድምፅ ይመጣል።

«ማክሉፍ፣ የትኛው ነው?»

«የመቆሚያው ነው» ይላታል። «ቁሚ።»