ተኝቶ መንቃት ያቃተው ካሜራ

ከቦንጋ በወጣሁበት ዋዜማ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ፓስፖርቴን መቀነቴ ውስጥ አስሬ አሁንም አሁንም እየነካሁ አነጋሁ። ያኔ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ትዕግስት የጅማው አውቶቡስ ሲነሳ አላለቀሰችም፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ከቦንጋ ወጣ ባለችው መንደር ማንኪራ፣ እህቴ ዘንድ ተውኳት።

ይኸው ሰባት ዓመት ቤይሩት የሰው ቤት ሳጸዳ እውላለሁ። ከየሺ ጋር በተከራየናት ክፍል አድራለሁ። የሺ ቦንጋ ተመድባ ኮምፒውተር ያስተማረች የጎጃም ልጅ ናት፤ አሁን እንደኔው ወለል ትወለውላለች። እዚህ ዝናቡ እንኳ ጨው ጨው ይሸታል፤ ከዘነበ በኋላ አንድ ነገር አይበቅልም።

አሠሪዬ የሰጠችኝ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ትዕግስት ቅዳሜ ለገበያ ቦንጋ ስትወጣ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ታወራኛለች። ስልኩ የእህቴ ነው፤ እህቴ ደግሞ አጠገቧ ቆማ ትሰማለች። አሁን አንድ ደላላ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄን ዕድሜ ጨምሮ ወደዚህ ለሥራ ሊልካት እህቴን አሳምኗል። የውሉ ፊርማ ሰኞ፣ ቦንጋ ነው። «አትፈርሚ» ልላት የምችለው ያቺን ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ላፕቶፑን ከፈትኩት። ፊቷ መጣ።

«እማዬ፣ አንቺ የለሽም! ጥቁር ነው። ድምፅሽም የለም።»

ፊደል እየለቀምኩ «ጠብቂ» ብዬ ላክሁና ላፕቶፑን ታቅፌ ታች ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሮጥኩ።

«ካሜራው ሞቷል፣ ማይኩም ከሱ ጋር ነው። ሌላ ላፕቶፕ ግዢ» አለኝ ሳይነካው።

«ባለፈው ቅዳሜ ሲሠራ የነበረ?»

«አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ አሠሪዬ ግን ሌላ አልገዛችም!»

እየተሳደብኩ ስመለስ የሺ ከሥራ ገብታለች።

«እትዬ አልማዝ፣ መጨረሻ ያጠፋሽው መቼ ነው?»

«ማጥፋት? ለምን አጠፋዋለሁ? እከድነዋለሁ እንጂ።»

በአገራችን ማታ እሳት አይጠፋም፤ ረመጡ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት ይገለጣል። እኔም ላፕቶፑን ለወራት እንደዚያው አደረግሁት።

የሺ ሳቀች። «ክዳኑን ስትዘጊው ይተኛል፤ ረመጡ ማለት ይኼ ነው፣ ጥቂት ኃይል ይበላል። ሃይበርኔት ደግሞ የያዘውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ጨርሶ ይጠፋል። ለካሜራውም፣ ለድምፁም፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር የሚባል ጠባቂ ፕሮግራም አለ። በሁለቱም መንገድ ላፕቶፑ ሲተኛ ዕቃው እንዴት እንደነበረ መዝግቦ ያጠፋዋል፤ ሲነቃ መልሶ ማስነሳት አለበት። ያንቺ ካሜራ ድራይቨር ግን አንዳንዴ ማስነሳቱን ይስታል። ዕቃው ጠፍቶ ሳለ እንደበራ ይቆጥረዋል።»

«ማስተኛቱን ሞክረው መቀስቀሱን ሳይሞክሩ ለሰው የሸጡት እነማን ናቸው?» አልኩ። ደሜ ፈላ። ደላላውም እንደዚያው ነው፤ መላክ እንጂ መመለስ አያውቅም።

የሺ አጥፍታ አስነሳችው። ድራይቨሩ ከዜሮ ሲጀምር ካሜራው በራ። ትዕግስት አልሄደችም።

«አትፈርሚ! ሰማሽኝ? እዚህ የሰው ኑሮ አይደለም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትቀመጫለሽ?»

«ላንቺ ነዋ፣ ልጄ።»

«ለኔ ከሆነ ነይ።»

ፓስፖርቴ አሠሪዬ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈ ለልጅ እንዴት ይነገራል? ሰዓቷ አልቆ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት አስነሳት።

ሰኞ ስልክ ደወልኩ። እህቴ አነሳች።

«ትዕግስት ቦንጋ ሄዳለች።»

«ለምን?»

«እናቴን ላመጣት ነው ብላ ከደላላው ጋር ወጣች። የተነጋገራችሁ መስሎኝ።»