አመድ ላይ የተሣለ ሦስት ማዕዘን

ልጅ ሳለሁ ክብን የተማርኩት ከጅብ፣ አራት ማዕዘንን ከመቃብር፣ ሦስት ማዕዘንን ደግሞ ከሰው ራስ ቅል ነው። ለትንንሽ ልጆች ቅርጽ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ኳስና መስኮት፣ ጣራና ብርቱካን ሥለው ያቀርባሉ። ብዙዎቹን አንብቤያለሁ፤ በሰው አገር ለሰው ልጆችም ከእነሱ አስተምሬያለሁ። አንዳቸውም እማሆይ አመድ ላይ በጣታቸው የሣሉትን ያህል ከሰው ጋር አይኖሩም።

እማሆይ የአባቴ አክስት ነበሩ። ባላቸው ሲሞት መንኩሰው፣ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን፣ ግቢያችን ጥግ በተቀለሰች ጎጆ ይኖሩ ነበር። ያኔ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ገደማ ነው። አባቴ ከብቶቹን ይዞ አበርገሌ ቆላ ወርዶ ይከርማል፤ እናቴም እንደ ሌሎቹ ሴቶች ማጭዷን ይዛ ስትወጣ፣ ለቄስ ትምህርት ቤት ያልደረስነውን ልጆች ሁሉ እማሆይ ደጅ ጥለውን ይሄዱ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ከጋራው ይወርዳል፤ እኛም ወደ ምድጃው እንጠጋለን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የኩራዙ ብርሃን የእማሆይን ጥላ ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱትን ተረት እንሰማለን።

ተረታቸው ሁሉ ደም ነበረበት። ጅብ ያባረራት ልጅ ወደ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሮጣ «ይህ ነገር ጫፍ የለውም» ብላ ዙሪያውን ትሮጣለች፤ ጅቡም ሲከተላት፣ ሲዞር፣ ሲዞር፣ አንጀቱ ተበጥሶ ይሞታል። ሽፍታ ቤት ያደረ መንገደኛ የተነጠፈለትን መደብ አይቶ «ይህ አራት ማዕዘን የመኝታ ሳይሆን የመቃብር ነው» ብሎ ሳይነጋ ያመልጣል። ሌላው መንገደኛ ደግሞ እንግዳ ሆኖ ከተቀመጠበት ምድጃ በሦስት ማዕዘን የተተከሉትን ሦስት ጉልቻዎች ሲያይ፣ አንዱ ጥርስ አለው፤ የሰው ራስ ቅል ነው። በእማሆይ ተረት ውስጥ ቅርጹን ለይቶ ያየና የተናገረ ሁሉ ይድናል። ያላየ ይበላል።

ተረቱ ሲያልቅ አመዱን በመዳፋቸው ደልድለው ቅርጹን ይሥሉና «የታለ?» ይሉናል። እኛ ተነሥተን እንበተናለን። ክብ ከሆነ ወደ ወንፊቱ፣ ወደ ማሰሮው አፍ፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ወደ በሩ መቃን። ቀድሞ «አገኘሁ!» ያለ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ያገኛል፤ እማሆይም «ጎሽ፣ ልጄ!» ይሉታል። እኔ ከሽምብራው ይልቅ «ጎሽ»ን እወድ ነበር። ተፎካካሪዬ የመንደራችን ጭቃ ሹም ልጅ ንግሥት ነበረች። አንድ ቀን አራት ማዕዘን ፈልጉ ስንባል ሁላችንም በሩ ላይ ስንጋፋ፣ እሷ እማሆይ ደጅ የታሰረችውን ፍየል ጆሮዋን ይዛ «ዓይኗ ውስጥ! ጥቁሩን እዩት!» አለች። እውነቷን ነበር፤ የፍየል ብሌን አራት ማዕዘን ነው። በቅናት እንደ ታመምኩ ሰነበትኩ።

ሦስት ማዕዘንን ግን የሚቀድመኝ አልነበረም። የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ዘንግ ነበረው፤ ጫፉ ላይ ከድሮ ሳንጃ የተሰበረ ባለ ሦስት ጠርዝ ብረት ገብቶበታል። ሊጠይቀን ሲመጣ ገና ከበሩ «እማሆይ፣ ተማሪዎችዎን ልፈትንልዎ?» ይልና ዘንጉን አመዱ ላይ ይተክላል። ሲነቅለው ጥርት ያለ ሦስት ማዕዘን ጉድጓድ ይቀራል። እኔ የእሱ እህት ልጅ ስለሆንኩ ሁሌም ቀድሜ እጮኻለሁ፤ እሱም ይስቃል።

አያ ሞላ የሚስቅ ሰው ነበር፤ እናቴን የሚያበግናትም ይኸው ነው። የእናቴን አባት የጎረቤታችን የአያ ንጉሤ አባት በወሰን ጠብ ገድሎታል። ገዳዩ በሕመም ሞተ፤ ደሙ ሳይመለስ ቀረ። እናቴ የአባቷን ደም የነካ ሸማ ሳታጥብ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ወትፋ ነበር፤ ስትፈጭም ወንድሟ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ

የአባቱን ደም ውሻ ሲልሰው አይቶ፣
ይኖራል ወንድሜ ገብስ ጠግቦ ተኝቶ።

ትል ነበር። እሱ መጀመሪያ መጀመሪያ «አንቺ ሴት፣ ዱቄቱን አታበላሺው» እያለ ይቀልድባት ነበር። በኋላ መቀለዱን ተወ።

የገብስ አጨዳ ሲደርስ አያ ንጉሤ ከሰቆጣ ገበያ ጨው ጭኖ ሲመለስ ወንዝ ማቋረጫው ላይ ሞቶ ተገኘ። አህያዋ ከነጭነቷ ብቻዋን ገብታ ነበር። ሬሳውን የገነዙት ቄስ ከጎድኑ ሥር ያለው ቁስል የጩቤም የጦርም እንዳልሆነ፣ ሦስት ጠርዝ እንዳለው ተናገሩ። ያኔ ማንም ምንም አላለም። አሁን ሳስበው፣ ማንም ምንም ያላለው ሁሉም ስላወቀ ነው።

አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚቆይበት ሥርዓት ነው። ቤቱ የሚሄድ የለም። ወንዶቹ በክብ ተቀመጡ፤ ሴቶችና ልጆች ከኋላቸው። አንድ በአንድ እየተጠሩ መስቀል ስመው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላሉ። የሚያውቅ ካለ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹም የነገራቸውን ሰው ስም አይጠሩም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚሉት። ወፏ ከታወቀች የገዳዩ ዘመድ አይምራትም።

ሁለት ቀን ሙሉ ወፍ ጠፋች። ገብሱ ማሳው ላይ ይረግፋል፤ ከብቱ ውኃ አጥቶ ይጮኻል። እማሆይም ተጠርተው መስቀሉን ሳሙ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ካሉ በኋላ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አቧራ መስሎኝ ነበር። አያ ሞላ ከወንዶቹ መሃል ዘንጉን አጠገቡ ተክሎ ተቀምጧል። ብረቱ እንጨቱ ድረስ መሬት ውስጥ ገብቷል። ትቶት ቢመጣ «ዘንግህስ?» ይባላል፤ ይዞት መጥቶ ቀበረው።

በሦስተኛው ቀን ደመና መጣ። በረዶ ቢወርድ የዓመት እህል ያልቃል፤ ሰው ሁሉ ሽቅብ ያያል። እኩለ ቀን ላይ ጭቃ ሹሙ ወደምንጫወትበት መጥቶ ተቀመጠ፤ ንግሥትን ሳብ አድርጎ ጉልበቶቹ መሃል ከተታት።

«እስቲ ልጆች፣ እማሆይ እንደሚያጫውቷችሁ እንጫወት» አለን።

አቧራውን ደልድሎ በጣቱ ሦስት ማዕዘን ሣለ። መዳፉን ዘረጋው፤ የሽምብራ ቆሎ ሞልቶበታል።

«የታለ?»

ከሴቶቹ መሃል እማሆይ ሲነሡ አየሁ። «ልጄ፣ ነይ ወደዚህ!» አሉኝ። እኔ ግን የማየው ንግሥትን ነበር። ዓይኗ ወንዶቹ ላይ ይንከራተታል፤ ታውቀዋለች፤ ልትቀድመኝ ነው! እንደ ፍየሏ ዓይን ልትቀድመኝ ነው!

«አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ። «የአያ ሞላ ዘንግ እግር! መሬት ውስጥ ደብቆታል!»

አያ ሞላ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። «ጎሽ፣ ልጄ» አለኝ፤ ዘንጉን ነቀለና አፈሩን ከብረቱ በእጁ ጠረገው። ከዚያ በላይ ጊዜ አልሰጡትም። የአያ ንጉሤ ሁለት ልጆች ከሰው ላይ ዘለው መጡ። የመጀመሪያው መጥረቢያ ትከሻውን እስከ ደረቱ ከፈተው፤ ተንበርክኮ ዘንጉን ለማንሣት ሲሞክር ሁለተኛው አንገቱን አገኘው። ድምፁ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ነው። በክብ የተቀመጠው ሰው ክቡን ሳያፈርስ ያይ ነበር። ጭቃ ሹሙ «በሕግ! በሕግ አምላክ!» እያለ ጮኸ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። ሽምብራው ከእጁ ፈሰሰ።

እኔም ጎንበስ ብዬ ሽምብራዬን ለቀምኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሸንፌ ነበርና ለቀምኩ።

በዚያው ምሽት እናቴ ቤት ገባች። ምድጃው ላይ የነበረውን ድስት በእግሯ ገለበጠችው። «ወፍ ወለድኩ! ከማህፀኔ ወፍ ወጣች!» እያለች የጋለውን ጉልቻ በባዶ እጇ አንሥታ ወረወረችብኝ። እማሆይ በመሃል ገብተው እጃቸውን ዘረጉ፤ የቀኝ አንጓቸው ሲሰበር ሰማሁት። ከእናቴ መዳፍ ቆዳ ተገሽልጦ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ነበር። በምድጃው ሁለት ጉልቻ ቀረ። ወንድሟን እንዲገድል ስትገፋው የኖረችው እሷ እንደነበረች ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ ለእሷ ለማዘን ደግሞ ከዚያም በላይ። ይቅርታውን ገና አልደረስኩበትም።

በነጋታው እማሆይ፣ እጃቸው በወጌሻ ታስሮ፣ ወደ ሰቆጣ ወደ ዘመዶቻቸው ይዘውኝ ወጡ። ከዚያች መንደር ከወጣሁ አልተመለስኩም። ዳገቱ ላይ ሲደክማቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እማሆይ፣ በተረትዎ የተናገረው ይድናል እኮ» አልኳቸው።

«ተረት ነዋ፣ ልጄ።»

«እርስዎስ አያውቁትም ነበር?»

«መስቀል ስሜ ዋሸሁ፤ ነፍሴን ሰጥቼ ባቆየው ብዬ።» ያልተሰበረውን እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «አንቺ አልገደልሽውም። ‹የታለ?› ሲሏችሁ መልሱ ብዬ አስተማርኳችሁ። ‹ማን ነው የጠየቀኝ?› በሉ አላልኳችሁም።»

ዳግመኛ ቅርጽ አልሣሉልኝም። ሰቆጣም፣ ከዚያም ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ፣ ትምህርት አገኘሁ፤ ብዙ አነበብኩ፤ ወንጀልና ቅጣትን፣ ሕግንና ደምን በተመለከተ ሊቃውንት የጻፉትን አገላበጥኩ። ከአንዳቸውም ያላገኘሁትን አንድ ነገር የነገረችኝ የራሴ ትዝታ ናት፤ እሷም ዘግይታ፣ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው የመጣችው። አንድ ቀን ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ የእንጨት ሦስት ማዕዘን ይዛ «አገኘሁ!» እያለች ስትሮጥ፣ ጭቃ ሹሙ አቧራው ላይ ተቀምጦ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አንዱ መዳፉ ተዘርግቷል፤ ሽምብራ ይዟል። ሌላኛው ግን ንግሥት አፍ ላይ ነው፤ ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ዓይኗ ብቻ ነበር የሚንከራተተው። እሷም አግኝታው ነበር። አባቷ ወፍ እንድትሆን አልፈለገም።

ያኔ የማየው የተዘረጋውን መዳፍ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ማንም «የታለ?» ሲለኝ፣ የሚሰጠኝን ትቼ በሌላኛው እጁ የማንን አፍ እንደያዘ ነው የምፈልገው።