ግቢው በቁመቱ ይከፈል

በያጇ ሰው አስፈቅዳ አታውቅም የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። ዕድሜዋን ደጅ ስትጠና ነው የኖረችው። በሰው ወርክሾፕ ውስጥ አለቃዋ ትልልቁን በር ለወንዶቹ፣ ቁርጥራጩን ለእሷ ሲያድል አረጀች። የሚደርሳት የበርጩማ እግር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ ቢበዛ የተሰበረ አልጋ ነበር። በር ልሥራ ስትለው «ክንድሽ አይችለውም» ይላታል። ያው ክንድ ግን የብየዳ ማሽኑን በየጧቱ ተሸክሞ ሲያወጣ ማንም ደካማ ነው አላለውም። አንድ ቀን ሽርጧን አውልቃ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ሰቀለችና ወጣች፤ ተመለሺ ቢሏትም አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ አንድ ብቻ ሆነ። አባቷ በተዉት ግቢ ውስጥ ትልልቅ በር የሚሠራበት የራሷን ወርክሾፕ ማቆም። ግቢው ከመንገዱ አጥር እስከ ቤቱ ድረስ፣ ከአንድ የውኃ ታንከር በቀር ባዶ መሬት ነው። ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የታላቅ ወንድሟ፤ ቤቱ ውስጥ እናታቸው ይኖራሉ። ወንድሟ ባለሱቅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ለራሱ የተመቸው ነገር ሁሉ ለሌላውም የሚመች ይመስለዋል።

ስለዚህ ግቢውን በወርዱ ከፈለው። ወደ መንገዱ ያለውን ግማሽ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራበት ለራሱ ያዘ፤ ወደ ቤቱ ያለውን ለእሷ ተወ። እሷ የምትገባው በክፍሎቹ ጎን በምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ መተላለፊያዋም መሐል ላይ የውኃ ታንከሩን ለመሸሽ ትጠመዘዛለች። «እኩል ሰጥቻታለሁ» እያለ ለዘመድ ለጎረቤት አወራ። ያልመረቀው አልነበረም። ወንድም ማለት እንዲህ ነው አሉ።

በያጇ አልተከራከረችም። ሲባጎና ካስማ ይዛ ወጣችና የወንድሟን ክፍሎች፣ መተላለፊያውን፣ የራሷን ወርክሾፕ መሬት ላይ በልኩ አጠረች። በወርክሾፗ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛው ብርሃን የሚያገኝበትን፣ ብረት የሚቆረጥበትን ወደ በሩ፣ ቀለም የሚቀባበትን ከፍንጣሪው ራቅ አድርጋ ለየች። መሐሉን ባዶ ተወችው፤ የተኛ በር ዙሪያውን ካልተዞረ አይበየድም። ስፋቱ በቂ ነበር። እሷንም የገረማት ይኸው ነው። ጉድለቱ ከስፋቱ አልነበረም።

ከዚያ ወንድሟንና ክፍሎቹን የሚሠራለትን ግንበኛ ጠራች። ብረት ከፋብሪካ ሲመጣ ቁመቱ ስድስት ሜትር ነው፤ ለበር የሚሆን አንድ ቱቦላሬ ብረት አነሳችና ጫፉን ለወንድሟ አቀበለችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ በመንገዴ አስገባልኝ» አለችው።

እየሳቀ ገባ። ታንከሩ ጋ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳበ፣ ወደ ላይ አነሳ፤ ብረቱ እንደ ግትር በቅሎ አልዞር አለ። በመጨረሻ በጉልበት ሲያዞረው ጅራቱ የሁለት ክፍሎቹን ሲባጎ ከነካስማው ነቅሎ ሄደ። ግንበኛው ተከራዮቹ ሜዳ ላይ ቀሩ ብሎ በሳቅ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

ወንድሟ ላቡን ጠረገ። «ታዲያ ውጪ ቆርጠሽ አታስገቢውም?»

ደሟ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

«እሺ፣ ቆርጬ አስገባሁት። በሩን ስጨርስ በየት ላውጣው? ቁርጥራጭ ስሠራ ነው ያረጀሁት፤ በገዛ አባቴ ግቢ ደግሞ ቁርጥራጭ አልሠራም። አንዲት ስንዝር ጨምርልኝ አላልኩህም። ግቢው በቁመቱ ይከፈል። አንተም ወደ መንገድ፣ እኔም ወደ መንገድ።»

«ከሰጠሁሽ ላይ ደግሞ ምርጫ አማረሽ?»

«አንተ ምን ሰጠኸኝ? የሁላችንም አባት ነው የሞተው።»

ይህን ብላ ሲባጎውን እዚያው ፊቱ ፈታችና ከመንገዱ እስከ ቤቱ በቁመቱ ዘረጋችው። ወሬው ሳይውል ሳያድር ዘመድ ዘንድ ደረሰ። አክስቷ ስግብግብ አለቻት፤ ሌላው ወንድ የሌለበት ቤት አደረገችው አለ። «ዝም አይነቅዝም» ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ አሁን ግን ዝምታው ነቅዞ አየችው። ለሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ወንድሟ አንድ የሚለው ነገር ቀርቶት ነበር። የወርክሾፑ ጩኸትና ጭስ መስኮቷ ሥር ሆኖ እማዬን ይገድላታል አለ። በያጇም በአንተ አከፋፈልስ የት ነበርኩ፣ እዚያው መስኮቷ ሥር አይደል ወይ ብላ አፉን አስያዘችው። ነገሩ ግን እውነት ነበር። የእናቷ ክፍል ያለው መስኮት አንድ ነው፤ በየትኛውም አከፋፈል የወርክሾፑ ግድግዳ ፊቱ ይቆማል። ለወንድሟ አንገቷን አትደፋም፤ እናቷ እምቢ ካሉ ግን ወርክሾፑ እንደሚቀር ታውቀዋለች። ወንድሟን አስከትላ ወደ እናቷ ክፍል ገባች።

እናቲቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ልጃቸው ስለ እረፍታቸው፣ ስለ ልባቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው ሲያወራ እጃቸውን አነሱ።

«አንተ፣ እኔ ገና አልሞትኩም። ስለ እኔ ሲወራ ስሰማ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ አሁን ራሴ ላውራ» አሉት። ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። «በቁመቱ ሥሪው። በእኔ በኩል ያለውን ግድግዳ ግን እንዳትደፍኚው፤ ሰፊ መስኮት አውጪበት። ስትሠሪ ልይሽ።»

ልጃቸው የብየዳ ብርሃን ዓይን ያጠፋል ብሎ ሊያስቆማቸው ሞከረ። ዘወር ብለውም አላዩት።

«ያ ስትበይጂ የምታደርጊው ጥቁር መነጽር ትርፍ የለሽም፣ ልጄ?»