ስልኬን ዘግቼ የሰነበትኩ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ጠባብ ክፍሌ አጎንብሼ እየጻፍኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ...

የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለተኛ ምዕራፍ ሰኞ ለአማካሪዬ ማስረከብ ነበረብኝ፤ ምዕራፉ ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ አንዱ ግሩፕ ቪዲዮ ይልካል፣ ሌላው «ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ» ይላል። ስለዚህ ሳምንቱ ሲጀምር ስልኬን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የምደውለው እሑድ እሑድ በመሆኑ ኅሊናዬ አልወቀሰኝም።

በሩን ስከፍት የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ አልማዝና ባለቤታቸው ጋሼ ወርቁ ቆመዋል። የሚኖሩት እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው። እዚህ አገር ዘመድ ሳይደውል አይመጣም። ሳይደውል፣ ያውም ገና ሲነጋ፣ ያውም ሁለት ሆኖ ከመጣ ጉዳዩ የታወቀ ነው... መርዶ በስልክ አይነገርም።

እትዬ አልማዝ ገና ሲያዩኝ «ልጄን! ልጄን!» ብለው ተጠመጠሙብኝና ያለቅሱ ጀመር።

«እማዬ ናት አይደል?» አልኩ። ልቅሶው ባሰ። እኔም ጮህኩ።

እትዬ አልማዝ ከአንገቴ ተላቀቁ። «ምነው? እህቴ ምን ሆነች? ምን ሰምተሽ ነው?»

«እኔ ምን እሰማለሁ? የመጣችሁት እናንተ!»

ጋሼ ወርቁ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። «ቆይ... የሞተው ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም» አሉ ራሳቸው መልሰው። «እኛ የመጣነው አንቺ ሞተሽ እንደሆነ ልናይ ነው።»

እትዬ አልማዝ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ በየማለዳው ምርቃት ይጽፋሉ፤ እኛም በየተራ «አሜን» እንላለን። ለካ እርሳቸው በሕይወት መኖራችንን የሚያረጋግጡት በዚህ ኖሯል።

«ሰኞ አሜን የለም። ማክሰኞ የለም። ኮል ባደርግ፣ ባደርግ፣ ዝግ! እናትሽን እንዳልጠይቅ በድንጋጤ ትሞትብኛለች። ሌሊቱን በሐሳቤ ስገንዝሽ አደርኩ፤ አንቺ ለካ ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ!»

«እትዬ፣ ሐሳቤን መሰብሰብ አቅቶኝ ነው።»

«አንዲት አሜን ስንት ሰዓት ትፈጃለች?»

ጊዜ የሚፈጁት ከአሜኗ በኋላ የሚከተሉት ቪዲዮዎች መሆናቸውን ላስረዳ አሰብኩና ተውኩት። ስልኬን ከመሳቢያ አውጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። ደህና ናት፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እትዬ አልማዝ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ጋሼ ወርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ያልተከፈቱ መልእክቶች ተደራርበውበታል።

«እስቲ የእኔንም ሚዩት አድርጊልኝ፣ ድምፃቸው ይጥፋ... ሁሉንም።»

«እትዬስ?»

«እሱ ነው ችግሩ። አንድ አልጋ ላይ ሆነን እንኳ ግሩፑ ላይ አሜን ካላልኩ ታኮርፋለች። አንቺ ስትይ የእኔንም ጨምረሽ በይልኝ።»

ምዕራፉ ሰኞ በሰዓቱ ደረሰ። አሁን በየማለዳው «አሜን፤ ጋሼ ወርቁም ብለዋል» ብዬ እጽፍና ስልኬን እዘጋለሁ... አሜን በውክልና ይደርስ እንደሆነ ግን የሚያውቅ ካህን ይንገረኝ።