እናቴ ሳፋ የምትላት ጀልባ

አባቴ ሲሞት ቤቱ ለእናቴ ቀረ፤ ጀልባዋ ደግሞ ለክርክር። ከአንድ ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ የገዛት አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ መሥሪያ ቤት ይውልና ቅዳሜ ሲደርስ ወደ ጎርጎራ ወርዶ ጣና ላይ ቀረሶ ዓሣ ያጠምድባታል። ልጅ ሳለሁ ይዞኝ ይሄድ ነበር። የእኔ ሥራ ከሥር የሚገባውን ውሃ በጣሳ እየጨለፉ መድፋት ነው። ያኔም ታፈስ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ግን ጀልባ ሁሉ እንዲህ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ሕመም ሲጠናበት በመኪና አስጭኖ ጎንደር አስመጣትና ግቢያችን ውስጥ ከኮክ ዛፉ ሥር ደፋት። "ሲሻለኝ እጠግናታለሁ" አለ። አልተሻለውም።

እናቴ ከመጀመሪያውም አትወዳትም። ጀልባ ብላ እንኳ አትጠራትም፤ "ሳፋው" ነው የምትለው። አባቴ በየዓመቱ "ነይ አንድ ቀን ላንሸራሽርሽ" ይላታል፤ እሷም በየዓመቱ "እኔ የኮሶዬ ደጋ ሰው ነኝ፤ ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለመቀመጫ መቼ ተፈጠረ?" ብላ ትመልስለታለች። እንዲህ ሲባባሉ ኖረው አንድም ቀን ሳትሳፈርለት ሞተ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ነገሩን ባጭሩ ሊቋጨው ፈለገ። ለአሮጌ ብረት ገዥ ትሸጥ አለ። አሉሚኒየም ደግሞ ከተሸጠ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል፤ ይቀልጥና ድስት ይሆናል። "ግቢ ከማጣበብና አይጥ ከማርባት ሌላ ምን ትሠራለች?" አለ። አይጧን በተመለከተ ልክ ነበር። እኔ ግን የአባቴ ጀልባ የማላውቀው ሰው ቤት ሽሮ ሲንተከተክባት ታየኝና ደሜ ፈላ። "እኔ እጠግናታለሁ" አልኩ። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት የማድል ፋርማሲስት ነኝ። በሕይወቴ የጠገንኩት ነገር ቢኖር የመነጽሬን እጀታ ነው፤ እሱንም በፕላስተር።

ወንድሜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "በይ እስከ መስቀል ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ሐይቁ ላይ ከተንሳፈፈች እኔ ራሴ ቀዛፊዋ እሆናለሁ፤ ካልተንሳፈፈች ድስት ናት።" እናቴ ከጓዳ ሆና "ድስትም ትሁን ጀልባ፣ ብቻ ግቢዬን አጽዱልኝ" አለች።

አብራኝ ላደገችው ጓደኛዬ ነገርኳት። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ነገር ስትይዝ እንደ መዥገር ነው። "ጀልባ ለመጠገን ምን እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ?" ስትለኝ "አላውቅም" አልኳት። "እኔም አላውቅም። ቅዳሜ እንጀምር" አለች።

የመጀመሪያው ስህተታችን የበርና የመስኮት ብረት የሚሠራ በያጅ መጥራታችን ነበር። "ችግር የለም" አለና መነጽሩን አጠለቀ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ይፈሳል። ጥፍር የማታስገባዋን ስንጥቅ ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ አድርጎ አስረከበን። ወንድሜ ሊያይ መጣና እጁን በቀዳዳው አሾልኮ ከወዲያ በኩል እያውለበለበ ሰላም አለን። ያን ቀን ማታ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከብስጭት ይሁን ከሐዘን እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እሳት የሚባል ነገር አናስጠጋባትም ብለን ማልን። ጀልባዋ ድሮም የተያያዘችው በሪቬት ነው፤ ጭንቅላት ባላቸው ትናንሽ የአሉሚኒየም ምስማሮች። ከፒያሳ ላሜራ ገዝተን፣ በቀዳዳው ልክ ቆርጠን፣ ከመሐል ሲሊኮን ቀብተን ዙሪያውን በሪቬት እንሰፋ ጀመር። ሪቬት ግን በአንድ ሰው አይመታም። አንዱ በውጭ በኩል ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ብረት ተጭኖ ይይዛል፤ ሌላው በውስጥ በኩል ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ ያደፈጥጠዋል። ተጭኖ መያዣ የሆነን አባቴ ዓሣ ይመዝንበት የነበረው የሚዛን ብረት ነው።

እኔ በተደፋችው ጀልባ ሥር ገብቼ በባትሪ ብርሃን እቀጠቅጣለሁ፤ ጓደኛዬ ከላይ ትይዛለች። አንተያይም። ብንጮህ እንኳ ድምፃችን እዚያ ውስጥ ስለሚያስተጋባ አንሰማማም። ስለዚህ በማንኳኳት ተግባባን። ከላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ካደረገች "ይዣለሁ፣ ምቺ" ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ "ቆይ"። አንድ ቅዳሜ የሪቬቶቹ ርቀት እኩል አይደለም ብላ የሠራሁትን ልታስነቅለኝ ስትል ተጣላን፤ የሒሳብ ደብተር አይደለም አልኳት። ተኮራርፈንም ሥራው አልቆመም። ኳ ኳ ትላለች፣ እመታለሁ፤ ኳ ኳ ትላለች፣ እመታለሁ። እስኪመሽ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ አንዱን ጎን ጨረስነው። ያላኮረፈችው እናቴ ብቻ ነበረች፤ በየመሐሉ ብቅ እያለች "ምነው ጆሮዬን ብታሳርፉት! ኳ ኳችሁ ሕልሜ ውስጥ ሁሉ ገባ እኮ!" ትለናለች።

ሰፍተን ስንጨርስ ሌላ ጣጣ መጣ። ማፍሰሷን መተዋን በምን እንወቅ? ሐይቁ ሩቅ ነው። ጓደኛዬ "ጀልባዋን ውሃ ውስጥ መክተት ካልቻልን ውሃውን ጀልባዋ ውስጥ እንክተተው" አለች። ችግሩ ያለነው ጎንደር ነው፤ ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣበት፣ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያስልበት አገር። እናቴ ከሮቶዋ አንዲት ጠብታ እንደማትሰጠን ማለች። ስለዚህ ጀልባዋን አቃንተን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናትና ሰማይ ሰማዩን እናይ ጀመር።

የሐምሌ ዝናብ አላሳፈረንም። እየሞላች ስትሄድ ጓደኛዬ ዝናብ ልብስ ለብሳ ሥሯ ገባችና የሚንጠባጠብበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ትከብ ጀመር። መምህርት አይደለች! ሲያባራ ሄደን ብናይ አንድም ክብ የለም። በጎኗ የሚወርደው ውሃ ጠራርጎ አጥቦታል። ሁለት የተማርን ሴቶች ዝናብ ላይ በጠመኔ ስንጽፍ ውለናል ማለት ነው። ለሚቀጥለው ዝናብ ቀይ የጥፍር ቀለም ይዛ መጣች፤ የጀልባዋ ሆድ ኩፍኝ የያዘው መሰለ። ውሃውን ደፍተን፣ መልሰን ገልብጠን፣ ቀይ ነጥብ ያለበትን ሪቬት ሁሉ እየነቀልን እንደገና መታነው።

ነሐሴ ላይ እስከ አፏ ሞላች። ሲያባራ ጎኗን በጨርቅ አደረቅን፣ ሥሯ ካርቶን አነጠፍንና ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቁርስ እዚያው በላን። ምሳም እዚያው በላን። ካርቶኑን ባወጣው ደረቅ ነው። እልልታዬን ሳቀልጠው ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት እየሮጠ መጣ።

በዚያው ሰሞን ውሃ ጠፋ፤ የቧንቧው መስመር ተበላሽቷል ተባለ። ክረምቱን ሙሉ "ኖኅ መቼ ትጨርሺያለሽ?" ሲሉኝ የከረሙት ጎረቤቶች ጄሪካናቸውን አንጠልጥለው በሩን አንኳኩ። እናቴ ጆግ ይዛ ጀልባዋ አጠገብ ቆመች። ለማን ስንት እንደሚቀዳ የምትወስነው እሷ፣ የሚመረቁት እሷን። ወንድሜ መጥቶ መስቀል መድረሱን ሲያስታውሰኝ ከእኔ በፊት እሷ ቱግ አለች። "ማንን ነው የምትሸጥ? ይቺን? እስቲ ንካትና እንተያያለን!"

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከድስት የተረፈችው ጀልባ ሮቶ ልትሆን ነው። "ሸጋ አድርጋ ውሃ ይዛልኛለች፤ ምነው ደሞ እዚያ ሐይቅ ድረስ መንከራተት?" አለች እናቴ። እኔ ጀልባዋን የፈለግኳት ውሃ ላይ ነው፤ አባቴ ቆሞባት በነበረበት ውሃ ላይ። ይህን እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። የታደገችኝ ጓደኛዬ ናት።

"እማማ፣ ውሃ አላስወጣም ያለ ነገር ውሃ ያስገባል እንዴ?"

እናቴ ጆጉን አስቀመጠች። "እሱን እንኳ ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አለች።

ከደመራ በፊት በነበረው ቅዳሜ አይሱዙ ተከራየን። እናቴ ጋቢና ተቀመጠች፤ ወንድሜ መቅዘፊያውን ታቅፎ ኋላ ጀልባዋ ውስጥ፣ እኛም አጠገቡ። አዘዞን አልፈን በኮላ ድባ ስንወርድ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ወንድሜ መንገዱን ሙሉ መቅዘፊያውን አልለቀቀም። መዋኘት እንደማይችል ትዝ ብሎት ይሆናል።

ጎርጎራ ስንደርስ ተጋግዘን አወረድናትና ገፋናት። ውሃው ላይ ወዝወዝ አለችና ቆመች። ጓደኛዬና እኔ ዘለን ገብተን በጉልበታችን እየሄድን ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በጣታችን ዳበስን። ደረቅ ናቸው። የአባቴን ጣሳ ይዤ መጥቼ ነበር፤ የምጨልፈው ነገር አጣሁ። አባቴ ባየ አልኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፣ ዓለም ሁሉ የእኔ እስኪመስለኝ ደስ አለኝ። ወንድሜ ቃሉን አላጠፈም፤ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና መቅዘፊያውን ያዘ።

"ቆዩኝ!" አለች እናቴ ከዳር።

ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ወደ ውሃው ገባች። ደግፈን አሳፈርናት። አባቴ ይቀመጥበት የነበረው መቀመጫ ላይ ተቀመጠችና የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም።

"እማዬ፣ እንሂድ ወይስ ትወርጃለሽ?" አላት ወንድሜ።

አንድ እጇን ከጠርዙ አላቀቀችና የጀልባዋን ጎን ሁለት ጊዜ መታችው። ኳ ኳ።

ጓደኛዬና እኔ ተያየን። ወንድሜ ግራ ገብቶት "ምን ማለቷ ነው?" አለኝ።

"ይዣለሁ ማለቷ ነው" አልኩት። "ቅዘፍ!"